ስምንት ወር ከይሉኝታ ጋር፦ ስለ አንድ የንግግር ልምምድ ክበብ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ በመሥሪያ ቤታችን የበጀት ስብሰባ ላይ፣ እኔው ራሴ ያዘጋጀሁትን ሪፖርት አንድ ባልደረባዬ እንዲያቀርብልኝ ለመንኩት። ቁጥሮቹን ከእኔ በተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ይሁንና ባልደረባዬ አንድ ጥያቄ ቀርቦለት ሲሳሳት፣ ትክክለኛውን መልስ እያወቅሁ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ያ ዝምታ ለወራት እረፍት ስለነሳኝ፣ በኅዳር ወር አዲስ አበባ ውስጥ በሳምንት አንድ ምሽት የሚሰበሰብ፣ ቶስትማስተርስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የንግግር ልምምድ ማኅበር ዘዴ የሚከተል የንግግር ልምምድ ክበብ ተቀላቀልኩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሚፈሩ ሰዎች ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። ራልፍ ስሜድሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1924 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንታ አና ከተማ፣ እኛ ወወክማ በምንለው ማኅበር ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ የጀመረው ሲሆን፣ ስያሜውም በግብዣ ላይ ተናጋሪዎችን ለሚያስተዋውቅ የመድረክ መሪ ከሚሰጠው መጠሪያ የመጣ ነው። አስተማሪ የሚባል ሰው የለም፤ አባላቱ ተራ በተራ ይናገራሉ፣ ይመራሉ፣ እርስ በርስም ይገማገማሉ። የመጀመሪያው ንግግር ስለ ራስ የሚነገር ሆኖ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓት ጠባቂው በ4ኛው ደቂቃ አረንጓዴ፣ በ5ኛው ቢጫ፣ በ6ኛው ቀይ ካርድ ያነሳል። ከዚህ ሌላ፣ አስቀድሞ ላልተነገረ ጥያቄ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ቆሞ መልስ መስጠት አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይኸኛው ነበር።

በክበቡ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ግን ስገባ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። አንድ አባል ወረቀት ይዞ ተናጋሪው ስንት ጊዜ «እ…»፣ ስንት ጊዜ «ማለት ነው»፣ ስንት ጊዜ «ምንድነው» እንዳለ ይቆጥርና በመጨረሻ ለሁሉም ያነብባል። በመጀመሪያ ንግግሬ 23 ተቆጠረብኝ። ስሜ ከቁጥሩ ጋር ሲነበብ ፊቴ ጋለ፤ ቀጥሎ ግን ክበቡን ለዓመታት የመሩት ጋሼ የሚባሉ አዛውንትም 11 እንደተቆጠረባቸው ተነበበና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ለካ ስህተቴን ሁሉም እያየው የሚቀጣኝም የሚታዘበኝም የለም! ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ነውር የደበቅሁት ነገር በዚያ ምሽት ሊቀነስ የሚችል ቁጥር ሆነ፤ ባለፈው ወር 6 ደርሷል።

ይህን የምለው እንቅፋቴ የንግግር ችሎታ ማነስ እንዳልነበረ ስለተረዳሁ ነው። እንቅፋቴ ይሉኝታ ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»፣ «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» እየተባለ ታላላቆች ባሉበት ዝም ማለት ጨዋነት መሆኑን ተምሬ አድጌአለሁ፤ ያሳደጉኝም ለእኔው ብለው ነው። ችግሩ የልጅነት ጨዋነት በ38 ዓመቴ ኃላፊነቴን እንዳልወጣ ማድረጉ ነው። ፍርሃት የሚጠነክረውም በሽሽት ነው፦ ከመናገር ባፈገፈግሁ ቁጥር ልቤ ወዲያው ይረጋጋል፤ ያ እፎይታም በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና እንድሸሽ ያስተምረኛል። ክበቡ ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው በምክር ሳይሆን፣ በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ቆሜ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ ሲበርድ እንዳይ በማድረግ ነው።

ጉድለቶቹን አልሸሽግም። ስብሰባው አንዱን ሳምንት በአማርኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ቢካሄድም፣ የመማሪያ ጽሑፉ የደረሰን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ይህ አንዳንድ ጎበዝ ተናጋሪዎችን ገና ከበሩ ይመልሳል። ከዚህ የሚብሰው፣ ይሉኝታ ገምጋሚዎቹንም መያዙ ነው። «በጣም ጥሩ ነበር፣ በዚሁ ቀጥይበት» የሚል ግምገማ ደስ ያሰኛል እንጂ አያሻሽልም። እኔ አሁን ከመናገሬ በፊት ገምጋሚዬ ዘንድ ሄጄ፣ አንድ ጉድለቴን ሳይነግረኝ እንዳይቀመጥ እለምነዋለሁ፤ አዲስ የሚገቡም እንዲሁ ቢያደርጉ እመክራለሁ። በተጨማሪም ሰው ፊት መቆም ቀርቶ ከቤት መውጣት ለከበደው፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ ለነሳው ሰው ክበብ አይበቃውም፤ እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ የሥነ ልቦና ወይም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ማየት አለበት።

ክፍያው በየስድስት ወሩ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ሁለትና ሦስት ምሽት ያለ ክፍያ በእንግድነት መቀመጥ ይቻላል፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እንግዳ እንዲናገር አይገደድም፤ ስሙን ብቻ ይጠየቃል። ለእኔ የመጀመሪያው ምሽት ስሜን ከመናገር አላለፈም፤ በቂም ነበር።

በዚህ ሐምሌ የበጀት ሪፖርቱን ራሴ አቀረብኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ እጄም ወረቀቱ ላይ ሲርገበገብ ይታወቀኝ ነበር። አምና ባልደረባዬ የተሳሳተበት ዓይነት ጥያቄ ዘንድሮም ተነሣ፤ ለአፍታ ዝም ብዬ ቁጥሩን ካሰብኩ በኋላ፣ «እ…» ሳልል መለስኩ።