ቮልስ ወይስ ላዳ? ከአዳማ ወደ አሰላ

በዚህ መንገድ ሁለቱንም ነድቻለሁ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ፊቱ ቀላል ስለሆነ መሪው በሁለት ጣት ይዞራል። ዴራ ሜዳ ላይ የጎን ንፋስ ሲመታው ግን ይዋልላል፤ ያኔ ሁለት እጅ ነው። ኩርባ ውስጥ ነዳጅ በድንገት ከለቀቅክ ደግሞ ኋላው ሾልኮ ሊወጣ ይፈልጋል። ወገብህ ላይ ይሰማሃል።

ላዳ መሠረቱ ፊያት 124 ነው። ሞተሩ ከፊት፣ የሚገፋው የኋላ ጎማ። ቆሞ መሪውን ማዞር ክንድ ያዝላል፤ ሲሄድ ግን ቀጥ ይላል። ማርሹም ቀጭ ብሎ ይገባል። የቮልስን ሦስተኛ ማርሽ ግን ፈልገህ ነው የምታገኘው፤ ዘንጉ እስከ ኋላ ድረስ ረጅም ነው።

ለአዳማ ሙቀት ቮልስ ይሻላል፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። በላዳ ዳገቱን ስወጣ ዓይኔ ከሙቀት ጌጁ አይነቀልም። ለኩርባ ግን ላዳዬን አልለውጥም።