ኺኾን፣ ሳንታንደር ወይስ ኮሩኛ? የቱ ይሻላችኋል

ስፔን ሲባል ሁሉም ባርሴሎና ወይ ማላጋ ነው ሚለው፣ ግን ጁላይና ኦገስት ላይ ደቡቡ 40 ዲግሪ ሲገባ ሰሜኑ ጠረፍ 23፣ 24 ላይ ነው፣ ማታ ማታ ሹራብም ትፈልጋላችሁ። እዛ ካሉት የወደብ ከተሞች ሰው ሚጠይቀኝ ሳንታንደርን ወይ ኮሩኛን ነው፣ ኺኾንን ማንም አይጠይቀኝም፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሂዱ ምለው እዛው ነው። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት አዳርሳለሁ ምትሉ ተዉት፣ ከሳንታንደር ኮሩኛ በመኪና ከ400 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ በጠረፉ ሚሄደው ባቡር ደግሞ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ አውቶቡስ ይሻላል። አንድ ምረጡ፣ ቢበዛ ሁለት።

ኺኾን ስሟ ሲጻፍ ጂጆን ይመስላል፣ ሲጠራ ግን ጂውም ጆውም እንደ ትግርኛው ኸ ከጉሮሮ ነው ሚወጡት። አስቱሪያስ ሚባለው ክልል ትልቋ ከተማ ናት (ዋና ከተማው ግን ኦቪየዶ ነው)፣ የብረት ፋብሪካና የከሰል ወደብ ያላት የሠራተኛ ከተማ ስለሆነች ቱሪስቱ ያልፋታል። ለኔ ጥሩነቷ እሱ ነው፣ ሬስቶራንት ስትገቡ አጠገባችሁ ሚበላው የሰፈሩ ሰው ነው፣ ምሳም ከዳቦና መጠጥ ጋር 15 ዩሮ አካባቢ ይጨርስላችኋል። ሲማዴቪያ ሚባለው የድሮ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር ኮረብታ ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ቺዪዳ ሚባል ቀራጺ በ1990 ያቆመው 10 ሜትር ሚሆን የኮንክሪት ቅርጽ አለ፣ ውስጡ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ የባህሩ ድምጽ ዙሪያችሁን ይከባችኋል፣ ያን ስሜት በፎቶ ማሳየት አይቻልም። ከስሩ የሳን ሎሬንሶ ቢች አለ፣ አንድ ኪሎሜትር ተኩል ያህል፣ ግን ባህሩ ሲሞላ አሸዋውን ከሞላ ጎደል ስለሚውጠው ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ እዩ።

ሲድራውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የአፕል መጠጥ ነው፣ አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ አንስቶ ወገቡ ጋ ዝቅ አድርጎ በያዘው ብርጭቆ ያወርደዋል፣ ቡና ከጀበና ከፍ አድርጋ ምትቀዳ ሴት አይታችሁ ታውቁ የለ፣ እሱን በእጥፍ አስረዝሙት። እንዲህ ሚቀዳው ለትርኢት አይደለም፣ ከከፍታ ወርዶ ብርጭቆው ላይ ሲመታ ነው ጋዙ ሚነቃው፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ነው ሚቀዳው፣ ወዲያው መጠጣት አለበት፣ ካስቀመጣችሁት ይሞታል። በ2024 ዩኔስኮ ይሄን ባህል መዝግቦታል። ጠርሙሱ 4 ዩሮ አካባቢ ነው።

ሳንታንደር ሌላ ጠባይ ነው ያላት። በ1941 እሳት መሃል ከተማውን ስለበላው አሮጌ ሰፈር ፍለጋ ከሆነ ታዝናላችሁ። ልጆች ወይም እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ግን እኔም ከኺኾን አስቀድሜ እሷን ነው ምመርጥላችሁ፣ ኤርፖርቱ ከከተማው 5 ኪሎሜትር ነው፣ የሰርዲኔሮ ቢች ሰፊ ነው፣ የማግዳሌና ልሳነ ምድር (የንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ የበጋ ቤተመንግሥት ያለበት) በነጻ ይገባል፣ በትንሽ ጀልባ ከማዶ ወዳለችው ሶሞ መሻገርም አለ። እንግሊዝ ያላችሁ መኪናችሁን ፌሪ ላይ ጭናችሁ ከፖርትስመዝ ወይ ከፕሊመዝ ቀጥታ መግባት ትችላላችሁ። የጥንት ሰዎች ሥዕል ያለበት የአልታሚራ ዋሻ 30 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ምታዩት ግን ቅጂውን ነው።

ኮሩኛ ለታሪክ ወዳጅ። የሄርኩሊስ ግንብ ሮማውያን ለመርከብ መብራት የሠሩት ነው፣ ዛሬም ማታ ማታ ይበራል፣ ወደ 2000 ዓመት ገደማ ሆኖታል እኮ! ወደቡ ፊት ለፊት ያሉት የመስታወት በረንዳዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ሲያበሩ ቁሙና እዩ። ዛራ የመጀመሪያ ሱቁን በ1975 የከፈተው እዚህ ነው። ሳንቲያጎ (የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ሚባለው ከተማ) በባቡር ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ለመሳለም ምትፈልጉ ይመቻችኋል። ነፋሱ ግን ኃይለኛ ነው፣ ውሃውም ከሦስቱ ይበርዳል።

ስለ ምግብ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፣ ማንም ስላልነገረኝ። የአስቱሪያስ ፋባዳ የባቄላ ወጥ ብቻ ቢመስልም ውስጡ የአሳማ ሥጋ አለበት፣ የኮሩኛ ዋና ምግብ ደግሞ ኦክቶፐስ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አልበላም ለምትሉ አይሆንም። ቦኒቶ (በጋ ላይ ትኩስ ሚገባ ቱና) ወይም መርሉሳ ሚባለውን ዓሣ እዘዙ። ለጾም ኮሩኛ ትሻላለች፣ የፓድሮን ቃሪያ በዘይት ተጠብሶ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል፣ አብዛኛው አያቃጥልም፣ አልፎ አልፎ አንዱ ግን የኛን ቃሪያ ያስታውሳችኋል።

ከማድሪድ ለምትነሱ፣ ኖቬምበር 2023 ተራራውን ሚያቋርጠው የፓሃሬስ የባቡር ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ ኺኾን በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ሆኗል፣ ኮሩኛም ተቀራራቢ ነው፣ ሳንታንደር ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የኺኾን ትልቁ በዓል ኦገስት 15 ሳምንት ነው፣ 14 ማታ ባህሩ ላይ ርችት ይተኮሳል፣ ለዛ ሳምንት አልጋ ከወራት በፊት ያዙ። ፍልሰታ ምትጾሙ ከሆነ ግን ከ22 በኋላ አድርጉት፣ ወሩ መጨረሻ ላይ የሲድራው ፌስታ አለ፣ ሙቀቱም ገና አልሄደም።