ቮልስ ልታሳድሱ ላሰባችሁ፦ ሶማሌ ተራ ላሉት ጋሼ ምስጋናና ጥቆማ

የአባቴን ቮልስ ላሳድስ ብዬ ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር መክረሜን ወዳጆቼ ታውቃላችሁ። ሥራው አሁን ተጀምሯል። ስለዚህ አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልለጥፍ አስጠንቅቀውኛል። «ስልኬ ከጮኸ እጄ ሥራ ይፈታል» ነው ያሉኝ። እኔም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ሶማሌ ተራ ደርሳችሁ ቮልስ የሚሠሩትን ሽማግሌ ብትሉ የሚያሳያችሁ አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊብሬው ላይ የተሠራችበት ዘመን 1960 ይላል። ያየው ሁሉ የፈረንጆቹ 1960 አደረገው። አንዱ ጋራዥ «ይቺ ባለ 6 ቮልት ነበረች» ብሎ ሽቦዋን በሙሉ ሊቀይር ተነሣ። ሌላው ቀጭኑን የድሮ ፓራውልት ካላሰርንላት ኦሪጅናል አትባልም አለኝ። ዋጋውንም ነግረውኝ ነበር። አልጽፈውም፣ ያማል።

ጋሼ መኪናዋን አንዴ ዞሯትና «ነዳጅ ስትቀጂ ኮፈን ትከፍቻለሽ?» አሉኝ። አልከፍትም። በቀኝ በኩል ከውጭ ክዳን አላት። «በይ እንግዲህ የፈረንጅ 1960 አይደለችም። የኛ 1960 ሳትሆን አትቀርም» አሉ። ቮልስዋገን የነዳጅ መሙያውን ወደ ውጭ ያወጣው ከኦገስት 1967 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ኮፈን ሳይከፈት ነዳጅ የለም። የ1300 እና የ1500 ቮልሶች ቀጥ ብሎ የቆመው የፊት መብራት፣ ወፍራሙ ፓራውልትና 12 ቮልቱም ያኔ ነው አብረው የመጡት። ያ ጋራዥ ሽቦዋን ቢቀይርልኝ ኖሮ እንግዲህ አስቡት።

ጋሼ ግን በዓይን ባዩት ብቻ አልፈረዱም። የኋላ መቀመጫውን አነሡ። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቷል። ቅባትና ቀለም ውጦት ነበር። በጨርቅና በነዳጅ ቀስ እያሉ ጠረጉት። ረዳታቸው የሽቦ ብሩሽ ይዞ ሲመጣ የሰማው ቁጣ ለኔም ተርፎኛል። ቁጥሩ ተጎዳ ማለት ከሊብሬው ጋር የሚያስተያየው ነገር ጠፋ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦሎም ስም ማዛወርም ጣጣ ነው።

ቁጥሩ በ118 ይጀምራል። 11 የመኪናዋ ዓይነት ነው። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴል ዓመቱን ይናገራል፤ 8 ማለት የፈረንጆቹ 1968። ይሄ የሚሠራው ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ላሉት ነው። ከ1970 ጀምሮ ቁጥሩ አሥር አሃዝ ሆኖ አራተኛው 2 ስለሆነ መጀመሪያ ቁጠሩ። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው ደግሞ በኦገስት ነው። ስለዚህ የ1968 ሞዴል ሥራ የጀመረው በኦገስት 1967 ነው፤ የኛ 1960 ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው። ሊብሬው አልዋሸም። አንባቢው ነው የተሳሳተው።

ሞተሩ ሌላ ጉድ ነው። ከዲናሞው ሥር ያለው ቁጥር በD ይጀምራል። ያ 1200 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ጋሼ ጠረጠሩ እንጂ ተቀይሯል ብለው አልደመደሙም። የሻንሲ ቁጥር የትኛው ሞተር እንደነበረባት አይናገርማ። ቀለሙም እንደዚያው ነው። ዳሽቦርዱ ሥር ፋቅ ሲያደርጉ ከቀዩ በታች ነጭ ወጣ። እኔ ደስ ብሎኝ «በቃ ነጭ እናድርጋት!» አልኩ። «የቱ ነጭ?» አሉኝ።

ወደ ቮልፍስቡርግ እንድጽፍ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው። እዚያ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም በሻንሲ ቁጥር መዝገቡን አይቶ፣ አስከፍሎ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ጨረሰችልኝ። ወረቀቱ የተሠራችበትን ቀን፣ ቀለሟን፣ የመቀመጫውን ልብስ፣ ሞተሯን፣ የተላከችበትን አገር ሁሉ ይዟል። ሞተሯ 1300፣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበር። የቁጥሩ መነሻ ፊደል F መሆን ነበረበት። ነጩም ሎተስ ነጭ፣ ኮዱ ኤል 282 ነው። ቀለም ቀቢው ግን ኮዱን እስኪያይ ድረስ በዓይኑ ሊደባልቅልኝ ነበር!

ጋሼ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌላ ሞተር ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። «ሊብሬሽ ላይ ያለው ይሄ ሞተር ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ንጂው። 1300ውን ስታገኚ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ጨርሺ» አሉኝ። ለማጣራቱ የተቀበሉኝም ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ያነሰ ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። ቀርፋፋ ናቸው። ቀጠሮ ሰጥተው ለቅሶ ሄደው ታገኟቸዋላችሁ። ለሠርግ ቶሎ ድረሱልኝ የምትሉ ሌላ ፈልጉ። ደግሞ ቮልስ ብቻ ነው የሚያዩት፤ ፊያት ሴይቼንቶ ይዞ የመጣ ሰው ሲመልሱ አይቻለሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ ነግሮኛል። ዕድሜ ይስጥልኝ! ሽቦዋ አልተነካም፣ ባትላሜራውም ሰኞ ይጀምራል።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ሂዱ። የኋላ መቀመጫውን ዕቃ ከጫናችሁበት አራግፉት። ሊብሬውንም ዋናውን ያዙ፤ ፎቶ ኮፒ አያዩም።