ማሪዮን አጠገብ ላለው ሽማግሌ መካኒክ ምስጋና፣ ለሞተር ነጂ ወገኖቼ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሞተር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህችን በተለይ እናንተ አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፤ ሰውየው ግን በሁለት መስመር የሚመሰገን ሰው አይደለም።

ኦክቶበር መግቢያ ላይ፣ መስቀል ካለፈ በሳምንቱ፣ አራት ጓደኛሞች ለአምስት ቀን አፓላሺያን ተራሮች ውስጥ ለመንዳት ወጣን። ታላቃችንን ካፒቴን ነው የምንለው። ካርታ የሚያጠናው፣ ነዳጅ የት እንደሚቀዳ የሚያስበው፣ ከፊት የሚነዳውም እሱ ነው። እኔ ሁሌም መጨረሻ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ያሰብነው ኖርዝ ካሮላይናና ቴነሲ ድንበር ድረስ ወርደን፣ በ11 ማይል ውስጥ 318 ኩርባ አለው የሚባለውን የዘንዶውን ጅራት ለመንዳት ነበር። ግን በ2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን እዚያ በኩል ክፉኛ ንዶታል። ካፒቴን «በዝግ መንገድ ዞር ዞር ስንል ቀናችን ያልቃል፤ ጅራቱ ይቅርብን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጀርባው አለ» አለ። እውነትም አለ። ከማሪዮን ወደ ታዝዌል የሚሄደው 16 ቁጥር መንገድ የዘንዶው ጀርባ ይባላል፤ 32 ማይል ነው፣ ሶስት ተራራ ያቋርጣል፣ ኩርባው ከ400 ይበልጣል። ሊማሊሞን በአውቶቡስ መስኮት እያየ ሆዱን የያዘ ሰው ይገባዋል።

ረቡዕ በፍሮንት ሮያል ገብተን ስካይላይን ድራይቭን ጨረስን። 105 ማይሉ በሙሉ የሚነዳው በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው፤ ዳገቱ ላይ ቅጠሉ መቅላት ጀምሯል፣ ቆመን ፎቶ ስናነሳ መሸብን። ሐሙስ ፓርክዌይን ይዘን እስከ ሜብሪ ሚል፣ ማለትም እስከ 176ኛው ማይል ድረስ ነዳን። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ፓርክዌይ ላይ ነዳጅ ማደያ የለም። ለመቅዳት ወደ ታች ወርዶ መመለስ ነው።

ታዲያ ሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ይሰማኛል። እምምም የሚል፣ ፍጥነት ስጨምር አብሮ የሚጨምር። ነፋስ ነው አልኩ። ቀጥሎ የጎማው ጥርስ ነው አልኩ፤ ምክንያቱም ጎማው አዲስ ነበር። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሰፈሬ ያለ አንድ ጋራዥ የኋላ ጎማ አስቀይሬ፣ «ሩቅ ልሄድ ነው፣ ሌላውንም እዩልኝ» ብዬ፣ «ሁሉ ነገር ሰላም ነው» ተብዬ ከፍዬ ነው የወጣሁት።

አርብ ጠዋት ከማሪዮን ተነስተን 16ን ያዝን። መንገዱ መጀመሪያ «የተራበች እናት» በሚባል የመንግስት ፓርክ በኩል ያልፋል (ሃንግሪ ማዘር፣ እውነተኛ ስሙ ነው)። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይጀምራል። ሶስተኛው ወይ አራተኛው ኩርባ ላይ ሞተሯን አጋድዬ ስገባ ኋላዋ እንደ ሰካራም ወዝወዝ አለ። ጠጠር የረገጥኩ መሰለኝ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ደገመችኝ። በሄልሜቱ መገናኛ «ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀስ ብዬ፣ አደጋ መብራት እያበራሁ፣ ወደ መጣንበት ወረድን። አንድ ማደያ ውስጥ ካፒቴን ሞተር የሚያይ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሴትየዋ ሂሳብ መቀበሏን ሳታቋርጥ በእጇ አቅጣጫ አሳየችው። ሁለት ማይል ያህል ሄደን፣ ቀይ የቆርቆሮ ጎተራ፣ ደጁ ላይ ከቁጥር የበዛ የሳር ማጨጃ፣ አንድ የሚጮህ ውሻ። ታፔላ የለም። ከሰባ አመት በላይ የሚሆነው ቀጭን ሽማግሌ ወጣና አራት ሐበሻ በጥቁር ቆዳ ጃኬት ቆሞ ሲያይ ውሻውን «ዝም በል» አለው። ለኛ ደግሞ «የማን ናት የታመመችው?» አለ።

ሌላ አልጠየቀም። የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስቶ፣ ላይና ታች በሁለት እጁ ይዞ ገፋ ሳብ አደረጋት። ጎማው ክብ መዞር ብቻ ሲገባው ግራ ቀኝ ይላል። እጄን ይዞ እኔም እንድሞክር አደረገኝ። ቀጥሎ ጎማውን ፈቶ አወጣና ጣቱን መሃል ያለው ኩሽኔታ (ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ የብረት ቀለበት) ውስጥ ከቶ አዞረ፤ የቡና ሙቀጫ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ነበር ድምፁ። ጥቁር ቀይ ውሃ ጣቱ ላይ ቀረ። ግራሶ አይደለም፣ ዝገት ነው።

«በቅርብ አጥበሃታል?» አለኝ።

አጥቤያታለሁ እንጂ! ለጉዞው ታምርልኝ ብዬ፣ ሳንቲም ተጨምሮ በሚሰራው ከፍተኛ ግፊት ባለው ውሃ፣ አፍንጫውን ጎማው መሃል ላይ ደቅኜ። የዚያ ውሃ ግፊት የኩሽኔታውን ጎማ መክደኛ አልፎ ይገባና ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል። አንድ ቀን የጀመረ ነገር እንዳልሆነ፣ ከቆየ እጥበት የመጣ እንደሆነ ነገረኝ። ስለ ጎማ ቀያሪዎቹ ስነግረውም በማንም ላይ ክፉ አልወጣውም። «ጎማው ከወለቀ ሁለት ሳምንቱ ነው?» ብሎ ከንፈሩን ጠመም አደረገ፣ በቃ።

አሁን ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። ካፒቴን ቸኩሎ «ቀስ ብሎ ቢነዳት ቤቱ አትደርስም?» ሲለው፣ ሰውየው ቁልፉን ከሞተሬ ላይ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «ትደርስ ይሆናል። እኔ ግን አልሰጠውም» አለ። የራሴን ሞተር ከለከለኝ! በዚያች ደቂቃ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ኩሽኔታው ኩርባ ላይ ቢነክስብኝ ኖሮ ይህን ጽሁፍ የሚጽፈው ካፒቴን ነበር።

አሮጌው ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በመነጽሩ አነበበ፤ 6204። የሞተር ሱቅ ብቻ የሚገኝ ነገር መስሎኝ ልቤ ወድቆ ነበር። እሱ ግን ይህ ቁጥር ለውሃ ፓምፕም ለእርሻ መሳሪያም የሚገባ ነው ብሎ የእርሻ መለዋወጫ ሱቅ ደወለ፤ አለ ተባለ። የፒክአፑን ቁልፍ ወረወረልኝ። ከተዋወቅን ሃያ ደቂቃ አልሞላንም። «መታወቂያዬን ልተውልህ?» ስለው ተዘርግታ ወደተኛችው ሞተሬ በአገጩ ጠቁሞ «ምን ያደርግልኛል?» አለ።

ስመለስ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች ተቀብሎ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከአጋዘን ስጋ አጠገብ ከተታቸው። «ቡና ካላችሁ አሁን ነው ጊዜው» አለ። ቡና? ያለ ቡና ወጥተን እናውቃለን እንዴ! ከእኛ አንዱ ሚስቱ ቆልታ ፈጭታ የቋጠረችለት ነበረ፤ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ባለች የኤሌክትሪክ ምድጃ በእሱ ማንቆርቆሪያ አፈላን። ሽማግሌው አንድ ስኒ ጠጣ፣ ዝም አለ፣ ስኒውን መልሶ ዘረጋ። ባለቤቱ ደግሞ ትልቅ ድስት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ይዛ መጣች። አርብ ነው፣ ጾመኛው ጓደኛችን «ስጋ አለበት?» ብሎ ጠየቃት። «የለበትም፣ ለጣዕም ትንሽ የአሳማ እግር ጣል አድርጌበት ነው እንጂ» አለች። ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ጾም መሆኑን ስናስረዳት ሄዳ ከጓሮዋ ፖም በኮፍያ ሙሉ ለቅማ አመጣችለት።

ቡናው ሲያልቅ ስራው ቀጠለ። የቸርኬውን መሃል በሞቃት አየር መንፊያ አጋለው፤ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የቀዘቀዘው ኩሽኔታ ደግሞ ይጠባል። ከማዶ ረጅም ብረት አስገብቶ፣ መሃል ያለችውን ቱቦ ገፋ አድርጎ፣ አሮጌውን ዙሪያውን እየመታ አወጣው። አዲሱን ከፍሪዘር አምጥቶ አሮጌውን እንደ መምቻ ደርቦበት ሁለቴ በመዶሻ ነካ ነካ፤ ጥብ ብሎ ገባ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ጋር ሶማሌ ተራ ስመላለስ መካኒኮቹ ጋዝ ለኩሰው ኩሽኔታ ሲያሞቁ ያየሁት ትዝ አለኝና ነገርኩት። «የት ነው ሰፈሩ?» አለ። አዲስ አበባ ስለው፣ «እዚያም ይህን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነዋ» ብሎ ደስ አለው። ጋሼ ማለት ምን እንደሆነ ያስረዳነውም ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጋሼ ካላልነው አይዞርም ነበር።

ካቴናዬን ልክ አድርጎ፣ የሶስቱን ሞተሮችም ሳይጠየቅ ዞሮ አየ። የካፒቴን የኋላ ፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ሊነካ ነበር! መንገድ መሪያችን፣ ካርታ አጥኚያችን። እስካሁን እናነሳበታለን። ከዕቃው ጋር በአጠቃላይ 80 ዶላር አለኝ። 150 ስሰጠው 70ውን መልሶ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አደረገው።

ቅዳሜ ጠዋት የዘንዶውን ጀርባ ነዳነው፣ ሞተሬ ያለ ድምፅ። ማታ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ፋየትቪል አድረን፣ እሁድ ማለዳ በ1977 የተሰራውን፣ ከወንዙ 876 ጫማ ከፍ ያለውን የኒው ሪቨር ጎርጅ ድልድይ ተሻገርን፤ ከዚያ በግሪን ባንክ አድርገን ወደ ቤት። ግሪን ባንክ አካባቢ ለሬዲዮ ቴሌስኮፑ ሲባል ሞባይል ስልክ አይሰራም፤ እዚያ ብቆም ኖሮ ምን አደርግ ነበር እያልኩ ነው ያለፍኩት።

ስለ ጋሼ ማወቅ ያለባችሁ፦ የጃፓን ሞተርም ሃርሊም ይሰራል፣ ጎማ ይቀይራል። በኮምፒውተር የሚመረመር ነገር ግን አልነካም ይላል፣ አትልፉ። ካርድ አይቀበልም። እሁድ ቤተክርስቲያን ነው፣ ረቡዕ ማታም እንዲሁ። ስልክ ቶሎ አያነሳም፤ መልዕክት ትታችሁ ጠብቁ። እንግሊዝኛው የተራራ ሰው እንግሊዝኛ ነው፣ አሜሪካ 27 አመት የኖረው ካፒቴን ግማሹን አልሰማውም፤ «ይቅርታ?» ማለት አያሳፍርም። ውሻው አይናከስም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ ሰልፍ አልፈልግም ብሎኛል። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ቡና ያዙለት። የተፈጨ ይሁን፣ መፍጫ የለውም።