ከአሜሪካ ጡረታ ላይ ግብር ማስቀነስ፦ አያትና ለገጣፎ ለሚኖር ሰው የትኛው ይሻላል?

ከአሜሪካ ተመልሰው አያት፣ ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ቤት ሠርተው ለተቀመጡ ጡረተኞች ነው ይህ ጽሑፍ። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር የት የአሜሪካ ግብር ይከተለዋል። ውጭ አገር ሠርቶ ለሚያገኘው ደመወዝ የተሰጠው ነፃነትም ጡረታን አይጨምርም። ግብሩን ከፋዩ ከጡረታው ላይ አስቀድሞ እንዲቀንስ ማድረግ (ማስቀነስ) ወይም ራስዎ መክፈል ይችላሉ፤ የትኛው እንደሚሻል እናወዳድራለን።

ከማወዳደራችን በፊት ግን ግብር ይደርስብዎት እንደሆነ ይዩ። የሶሻል ሴኩሪቲዎን (የአሜሪካ መንግሥት የሚከፍለውን ጡረታ) ግማሽ ከሌላው ገቢ ጋር ይደምሩ። የግብር መግለጫውን እንደ ላጤ ለሚያስገባ ሰው የዓመቱ ድምር ከ25,000 ዶላር ካልበለጠ ሶሻል ሴኩሪቲው ግብር አይነካውም። አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት ልኩ 32,000 ነው። በወር 1,600 ዶላር ሶሻል ሴኩሪቲና 1,200 ዶላር የመሥሪያ ቤት ጡረታ የሚያገኝ፣ እንደ ላጤ የሚያስገባ የ67 ዓመት ሰው እንውሰድ። የዓመቱ ድምር (9,600 ሲደመር 14,400) 24,000 ነው፤ ስለዚህ ለግብር የሚቀረው የመሥሪያ ቤቱ 14,400 ብቻ ነው። ለ2025 ግብር ግን ዕድሜው 65 የሞላ ላጤ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ መደበኛው 15,750፣ የዕድሜው 2,000 እና ለአረጋውያን የወጣው አዲሱ 6,000 ዶላር ተቀንሶለታል። ግብር የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው ምን ሊያደርግ ያስቀንሳል? ገንዘቡ ዓመት ሙሉ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት በሆነው አይ አር ኤስ ዘንድ ተቀምጦ ያለ ወለድ ነው የሚመለስለት።

ግብር የሚደርስብዎት ከሆነ ቀላሉ ከሶሻል ሴኩሪቲ ማስቀነስ ነው። ቅጹ ደብሊው-4ቪ ይባላል፤ የሚላከውም ለአይ አር ኤስ ሳይሆን ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ነው። ምርጫው 7፣ 10፣ 12 ወይም 22 በመቶ ብቻ ነው። ከ1,600 ዶላር 7 በመቶው 112፣ 10 በመቶው 160 ነው። የሚፈልጉት 130 ከሆነ አልተገኘም።

እኔ የምመርጠው ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ማስቀነስን ነው። ለዚህ ጡረታ በሆነው ቅጽ፣ በደብሊው-4ፒ ላይ፣ ትርፍ የሚቀነሰውን በዶላር ቁርጥ አድርገው መጻፍ ይችላሉ። አንዴ ጡረታውን ለሚከፍለው ድርጅት (ለከፋዩ) ከላኩት በየወሩ ራሱ ይሠራል። ቅጹን ካልሞሉ ግን ከፋዩ እንደ ላጤ ይቆጥርዎታል፤ ባለትዳር ከሆኑ ከሚገባው በላይ ሊቀነስብዎት ይችላል። ጡረታው ከአሜሪካ ውጭ የሚላክለት ዜጋ ደግሞ «አይቀነስብኝ» ማለት አይፈቀድለትም።

በየሩብ ዓመቱ ራስዎ መክፈል በወረቀት ላይ ያምራል። ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ቀን እጅዎ ላይ ይቆያል። ቀኖቹ ግን ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ናቸው። አንዱ ፋሲካ አካባቢ ይወድቃል፣ አንዱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ አንዱ የገና በዓል ሳይበርድ። የጁኑ ክረምት ሲገባ ነው፤ መብራት ሄዶ ኔትወርክ ተቆርጦ ቀኑ ቢያልፍ ማንም አይሰማዎትም። በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ በቀጥታ ከባንክ ለመክፈል የአሜሪካ አካውንትም ያስፈልጋል። ሌላ አማራጭ ካለ ይቅርብዎት።

አይ አር ኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ) ያለው ሰው ሌላ መላ አለው። ተቀናሽ ግብር መቼም ይቀነስ፣ በዓመቱ ውስጥ እኩል እንደተከፈለ ይቆጠራል። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ ሒሳቡን ሠርቶ፣ ከአይ አር ኤው ገንዘብ ሲያወጣ የዓመቱን ግብር ደብሊው-4አር በሚባለው ቅጽ ማስቀነስ ይቻላል። ቅጹ ካልተሞላ 10 በመቶ ነው የሚቀነሰው፤ እስከ 100 ማድረስ ይፈቀዳል። ገንዘቡ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ግን ከ10 በታች አይወርድም። ከ401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል ከሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) በአንድ ጊዜ ለሚወጣ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው 20 በመቶ ነው።

ስንት ይቀነስ? ዓመቱ ሲያልቅ ሳይከፈል የሚቀርብዎት ግብር ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ ቅጣት የለም። የዘንድሮውን ግብር 90 በመቶ ወይም ያለፈውን ዓመት 100 በመቶ ከሸፈኑም እንደዚያው። ገቢው ከ150,000 ዶላር በላይ የነበረ ሰው ያለፈውን ዓመት 110 በመቶ መሸፈን አለበት። ለአብዛኛው ጡረተኛ ያለፈውን ዓመት ግብር ለ12 አካፍሎ ደብሊው-4ፒ ላይ መጻፍ ይበቃል።

ዜግነት ሳይወስዱ ግሪን ካርዳቸውን መልሰው የመጡ ሰዎች ግን ምርጫው የላቸውም። ኢትዮጵያና አሜሪካ የግብር ስምምነት ስለሌላቸው ከሶሻል ሴኩሪቲያቸው 25.5 በመቶው ተቀንሶ ነው የሚደርሳቸው።

የክፍለ ግዛት ግብርም አለ። ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ጠቅልለው ከወጡ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ክፍለ ግዛቱ የቀድሞ ነዋሪውን ጡረታ እንዳይነካ ይከለክላል። ከፋዩ አሁንም የሚቀንስ ከሆነ እንዲያቆም በጽሑፍ ይጠይቁት።