ሳያነብ የማይሰካ ባለሙያ በደሴ አገኘን

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ለትምህርት ቤታችን የኔትወርክ ዕቃዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ አብርቶና አስተካክሎ ሥራ ላስጀመረልን ወጣት ቴክኒሺያን የሚገባውን ምስጋና በአደባባይ ለማድረስ፣ እንዲሁም በደሴና በአካባቢዋ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና መሥሪያ ቤቶች ያለ አንዳች ማመንታት ለመጠቆም ነው። ስሙን በይፋ እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ ፈቃዱን አክብሬያለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን በደረሰበት ወቅት የኮምፒውተር ክፍላችን ባዶውን ቀርቶ ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ከደመወዛቸው አዋጥተው ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኙ ስዊቾችን፣ የዋይፋይ ማሠራጫዎችን፣ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግል አንድ አነስተኛ ሰርቨርና መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆዩ ሁለት ዩፒኤሶችን ገዝተው ላኩልን። የፋይበር ኢንተርኔት መስመሩ እስከ ቢሮአችን ገብቶ ነበር፤ ከሞደሙ ወዲያ ያለውን ግን ራሳችን ማዘጋጀት ነበረብን። ዕቃው ተሟልቶ ሰው ያጣነው እዚህ ላይ ነው።

ከእርሱ በፊት ያየነውን ሳልናገር ባልፍ የምስጋናዬን መጠን አትረዱልኝም። መጀመሪያ የመጣው ሰው ቀብዱን ተቀበለ፣ ኮርኒሱን ቀደደ፣ ኬብሉን እንደ ተንጠለጠለ ትቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አንሥቶልን አያውቅም። ሌላው ደግሞ ካርቶኑን እንደ ከፈተ ምንም ሳያገላብጥ አንደኛውን ዩፒኤስ ግድግዳው ላይ ሰካው፤ ዕቃው ጧ አለና ክፍሉን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ይህ ሰው አንዲት የይቅርታ ቃል እንኳ ሳይተነፍስ «ሲላክም የተበላሸ ነው፤ ፈረንጅ የጣለውን ነው የሚልኩላችሁ» ብሎን ሄደ። ንግግሩ ከቃጠሎው ይልቅ አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ አመኑት፣ እኔም በቅንነት ለለገሱን ልጆች ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ሦስተኛው የቢሮውን ዋይፋይ ካስጀመረልን በኋላ ፓስወርዱን ለራሱ ይዞ ቀረ፤ አንዲት ነገር እንዲቀየርልን በጠየቅነው ቁጥርም አዲስ ሒሳብ ይጠይቀን ነበር። በገዛ ቤታችን ውስጥ ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን የማመሰግነው ወጣት በመጣ ዕለት ግን ምንም አልሰካም። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ በጀርባቸው የተለጠፈውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኩ መብራት እያየ በደብተር መዘገበ። በስዊቾቹና በሰርቨሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ስለ ነበር፣ ባለ ጠፍጣፋ እግር የሆነውን የአሜሪካ ገመድ በእኛ አገር ባለ ክብ እግር ገመድ መለወጥ ብቻ እንደሚበቃ ነገረኝ። የተረፈውን ዩፒኤስ ሲያገላብጥ ግን ቆም አለ። 120 ቮልት ብቻ ይላል፤ የእኛ ኮረንቲ 220 ነው። የተቃጠለው የት እንዳለ ጠይቆ ከመጋዘን አስመጣውና ያንኑ ቁጥር በጣቱ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ጤነኛ ነበር፤ ያቃጠለው የተሰካበት ኮረንቲ ነው» አለኝ።

ያን ምሽት አሜሪካ ደውዬ ለልጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው፤ በማግሥቱም መምህራኑን ሰብስቤ ጽሑፉን በዓይናቸው እንዲያዩ አደረግሁ። ይህ ወጣት ሌላ ምንም ባይሠራልን ኖሮ እንኳ፣ የእነዚያን ልጆች ስም ከሐሜት ስላወጣልን ብቻ ባለውለታችን ነበር። ለሥራው የሚሆነውን ዩፒኤስ እዚሁ ከተማ ገዛን።

ከዚያ በኋላም ለማብራት አልቸኮለም። ሶኬቶቹን በመለኪያ ሲፈትሽ አደገኛ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው የኤርዙ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ እንደ ቀረ ደረሰበት፤ ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ የመዳብ ዘንግ እስኪቀበርና መስመሩ እስኪያያዝ ድረስም አንድም ዕቃ እንዲሰካ አልፈቀደም። እኔ ተማሪዎቹ እየጠበቁ ነው እያልኩ ስወተውተው እርሱ የጦሳ ተራራን የክረምት መብረቅ አስታወሰኝ፤ በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ለዚህ መልስ የለውም። ስለ አድራሻ ቁጥሮቹና ስለ መስመር አከፋፈሉ ያስረዳኝን አብዛኛውን፣ የታሪክ መምህር ነኝና፣ አልተረዳሁትም። የገባኝ የተማሪዎቹ መስመር ከሒሳብ ክፍሉ መስመር መለየቱ፣ ከፋብሪካ የመጡት ፓስወርዶችም በሙሉ መቀየራቸው ነው። ያንን የተቆለፈብንን የቢሮ ራውተርም በመርፌ ጫፍ ከጀርባው ያለችውን ቀዳዳ ተጭኖ እንደ አዲስ አስነሣው። ሲጨርስ ፓስወርዶቹን ሁሉ በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ጸሐፊያችን ባለችበት አስረከበኝ፤ «ይህ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ብታመጡ እኔን መፈለግ የለባችሁም» ብሎ።

ነገር ግን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የጥበቃ ሠራተኛችንን ያስተማረበት ሁኔታ ነው። መብራት በብዛት የሚጠፋው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ በግቢው ውስጥ ያሉት እኒህ አዛውንት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ባለሙያዎች «እንዳትነካ!» ብለው ያልፏቸው ስለ ነበር በሩ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር። ወጣቱ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና «አባባ፣ እኔ ማታ የለሁም፤ ያሉት እርስዎ ነዎት» አላቸው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ማንበብ ስለማይችሉ በየዕቃው ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ለጥፎ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ጻፈበት። መብራት ሲመጣ አምፖሉ ሳይርገበገብ ጥቂት እስኪቆይ እንዲታገሡ፣ ከዚያ 1 ቁጥርን፣ እርሱ ሲረጋ 2 ቁጥርን እያሉ እስከ ሰርቨሩ እንዲደርሱ፣ በሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ችግሩ ከውጭ መስመር ስለሚሆን ምንም ሳይነኩ ለእኔ እንዲደውሉ አስረዳቸው። ከዚያም ሁሉንም አጠፋና «አሁን እርስዎ ያብሩት» አለ። ሲሳሳቱ ሳይቆጣ፣ እጃቸውንም ሳይቀማ፣ እስኪለምዱት ድረስ አብሯቸው ቆመ። የመጨረሻው አረንጓዴ መብራት ሲበራ «አላህ ያክብርህ ልጄ» ብለው ራሱን ዳሰሱት። አሁን መስመር ሲቋረጥ ደውለው «2 ቁጥር ቀይ ነው» ይሉኛል፤ እኔ ራሴ ሳላስፈቅዳቸው ዕቃውን ብነካ የሚታገሡኝ አይመስለኝም።

ክፍያውን በተመለከተ የእጁን ዋጋና የዕቃውን ዋጋ ለይቶ አስቀድሞ በጽሑፍ ሰጥቶናል፤ በመጨረሻም ከዚያ ላይ አንድ ብር አልጨመረም። የተረፈውን ኬብል እንኳ ጠቅልሎ መልሶልናል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አዲስ የኔትወርክ ዕቃ በካርቶን ይዛችሁ የምታበራላችሁ ሰው ያጣችሁ፣ በተለይም ከውጭ አገር በስጦታ የመጣላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ሳታማክሩ ምንም አትሰኩ። በጣም የታመነ፣ በጣም ጥንቁቅ፣ ሰው አክባሪ ባለሙያ ነው። ስልኩን ለሚፈልግ ሁሉ በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሥራ ስለሚደራረብበት ለክረምት የምታስቡ ከሰኔ በፊት ብታናግሩት ይሻላል፤ ስትደውሉም በዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።