ካን አካዳሚ አውሮፓ ውስጥ ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች

በ2008 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና አገልግሎቱን በነጻ የሚሰጠው የትምህርት ድረ ገጽ ካን አካዳሚ፣ አውሮፓ ውስጥ እየኖሩ ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች፣ ቢያንስ በሒሳብ ረገድ፣ ተወዳዳሪ የሚገኝለት አይመስለኝም። ልጁ ክፍልፋዮችን ሲደምር ቢሳሳት፣ ስህተት መሆኑን ነግሮት ብቻ አያልፍም፤ ፍንጭ በጠየቀ ቁጥር የአሠራሩን አንድ እርምጃ እየገለጠ የጋራ ታህቱ ከየት እንደመጣ ያሳየዋል። ወላጅም የራሱን አካውንት ከፍቶ ልጁ የቱን ርዕስ እንደጨረሰና የቱ ላይ እንደተቸገረ መከታተል ይችላል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ በዋነኛነት የተቃኘው በአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ኢንችና ፓውንድ የሚያስተምሩትን ክፍሎች፣ በሜትርና በኪሎግራም ለሚያድግ ልጅ፣ ያለ ጸጸት መዝለል ይቻላል፤ የሚኖሩበትን አገር ታሪክና ቋንቋ ግን ከሌላ ምንጭ መፈለግ ግድ ነው።

ዋናው ጉዳይ ሕጉ ነው። ጀርመን ውስጥ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በቤት ማስተማር በመሠረቱ የተከለከለ ሲሆን፣ ፈረንሳይም ከመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሳወቅ ብቻ ይበቃ የነበረውን አሠራር በቅድሚያ ፈቃድ ተክታለች፤ በኦስትሪያ ደግሞ በቤት የሚማር ልጅ በየትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ይፈተናል። ስለዚህ ጀርመን ለሚኖር ቤተሰብ ከትምህርት ቤት መልስ እንደ ማጠናከሪያ እንዲጠቀምበት፣ ኦስትሪያ ላለው ግን ፈተናው የሚወጣበትን የአገሩን መጽሐፍ መሪ አድርጎ ይህንን ለልምምድ እንዲይዘው እመክራለሁ።